የስኒው አፍ ቢሰፋ ጀበናው አይሞላም

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጓደኛዬ «ላማክርህ» ብሎ ቡና ጋበዘኝ። «ትሮትል ቦዲውን ላስቀይር ነው፤ ከ60 ወደ 70 ሚሊ ሜትር!» አለኝ ዓይኑ እየበራ። መኪናው ቱርቦ ያላት የቤንዚን መኪና ናት። ብሩን ለማጠራቀም ስንት ወር ምሳውን በሽሮ እንዳለፈው አውቃለሁ። ያማከረኝም ለወጉ ነው እንጂ ውሳኔውን ጨርሷል፤ ከእኔ የፈለገው ምርቃት ነበር። እኔ ግን አልመረቅኩትም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ትሮትል ቦዲ ማለት አየር ወደ ሞተር በሚገባበት መንገድ ላይ ያለች ክብ መዝጊያ ናት። ነዳጅ መስጫውን ስትረግጡ የምትከፍቱት እሷን ነው፤ የገባውን አየር አይቶ ነዳጁን የሚመጥነው ኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ የጓደኛዬ ስሌት ሲሰሙት ያሳምናል፤ በሩ ከሰፋ ብዙ አየር፣ ብዙ አየር ካለ ብዙ ነዳጅ፣ ብዙ ነዳጅ ካለ ብዙ ጉልበት። ሂሳቡም ከእሱ ጋር ነው፤ ከ60 ወደ 70 ሲኬድ የቀዳዳው ስፋት በ36 በመቶ ገደማ ያድጋል። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው ቱርቦው ነው። ቱርቦ ባለው መኪና አየሩን ጨምቆ የሚገፋው በጭስ ኃይል የሚሽከረከረው ቱርቦ ነው። ምን ያህል እንዲገፋም ልክ ተቀምጦለታል። ልኩ ሲደርስ ትርፉ ጭስ በሌላ በኩል ይለቀቃል፣ ቱርቦውም ከዚያ በላይ አይጨምርም። መኪናዋ ግፊቱን የምትለካው ከመዝጊያዋ በኋላ ከሆነ ደግሞ፣ መዝጊያዋ ላይ ትንሽ ግፊት ቢጠፋ ቱርቦው ራሱ ጨመር አድርጎ ያካክሰዋል። እናላችሁ በሩን ብታሰፉት ልኩ ያው ነው፣ ወደ ሞተሩ የሚገባውም አየር ያው ነው። የስኒው አፍ ስለሰፋ ጀበናው ውስጥ ያለው ቡና አይጨምርም።

«ግን የቀየሩት ሁሉ ፈጠነች ይላሉ እኮ!» አለኝ። እውነታቸውን ነው፤ እንደዚያ ይሰማል። ሰፊ መዝጊያ ገና በትንሽ እርግጫ ብዙ አየር ስለሚያሳልፍ መኪናዋ ብድግ ትላለች። ይህ ግን ቀድሞ በብዙ እርግጫ ታገኙት የነበረውን ባነሰ እርግጫ ማግኘት ነው። እስከ መጨረሻው ስትረግጡ ጉልበቷ የድሮው ነው። በትርፉ በመኪና ሰልፍ ውስጥ ቀስ ብሎ መንዳት ፈተና ይሆናል፤ ካልተስተካከለችም መብራት ላይ ቆማ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ሲል ትሰማላችሁ። የማኒፎልዱ አፍ 60 ሆኖ ከቀረ ደግሞ 70ውን መግጠም ሰፊ በር ከፍቶ ጠባብ ኮሪደር ውስጥ መግባት ነው።

ጓደኛዬ በቀላሉ አይረታም። «እሺ፣ ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አርስ?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ጂቲ-አር ሁለት ቱርቦና ስድስት መዝጊያዎች ነበሩት፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ። ጥቅማቸው ግን መዝጊያዎቹ ለሲሊንደሮቹ ስለቀረቡ ሞተሩ ለእግር ቶሎ እንዲመልስ ነው። ጓደኛዬ የሚገዛው እሱን አይደለም።

ፈጽሞ አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ትልቅ ቱርቦ ያስገጠመ፣ የነዳጅ መርጫዎቹንና የኮምፒውተሩን ልክ የቀየረ ሰው ብዙ አየር ስለሚያሳልፍ የድሮዋ መዝጊያ ልታንቀው ትችላለች። ይህም በግምት ሳይሆን በመለኪያ ይታወቃል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር፣ መዝጊያዋም ሙሉ በሙሉ ተከፍታ ሳለች ግፊቱን ከመዝጊያዋ በፊትና በኋላ ለኩ። ልዩነቱ ጉልህ ከሆነ ቀይሩ፤ ከሌለ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሱት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ደግሞስ የምንነዳው የት ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩን 2 እጥፍ በመጭመቅ የሚገኘውን ግፊት እዚህ ለማግኘት 2.6 እጥፍ ገደማ መጭመቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ በቆሸሸ ፊልትሮ ከቱርቦው በፊት የጠፋች ትንሽ ግፊት ከቱርቦው በኋላ ተባዝታ ትጎድላለች፤ በላላ ቱቦ የሚያመልጠው አየርም ቱርቦው በስንት ድካም የጨመቀው ነው። የእኛ ከተማ ቱርቦ ሰፊ በር ሳይሆን ንጹሕ ፊልትሮና የማያፈስ ቱቦ ነው የሚለምነው።

ሌላም ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለችንን የቤንዚን መኪና በሙከራ ብናበላሻት ምትክ ማግኘት እንደ ድሮው አይደለም።

ለጓደኛዬ የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ ፊልትሮ፣ ቀጥሎ ቱቦዎቹ፣ ከዚያ የፍሬን ሸራና ጎማ። ብሩ ከተረፈና መለኪያው «አዎ» ካለ ያኔ እመርቀዋለሁ። መፍጠን የፈለገ ሰው መቆሙንም ቀድሞ ማሰብ አለበት።

የቡናውን ሒሳብ እኔ እንድከፍል አድርጎ ተኮራርፈን ተለያየን። ማታ ላይ ግን ደወለ፤ «ያ የግፊት መለኪያ የት ይገኛል?»