በሕይወት ኢንሹራንስ ውል ላይ ስለሚጻፈው ስም

በሌተር ኦፍ ክሬዲት ሰነድ ላይ ስሕተት የተገኘ እንደ ሆነ ባንክ ሰነዱን እንደሚመልስበት የሚያውቅ አስመጪ፥ ፋክቱሩን ሳይፈርም ደጋግሞ ያነባል። ይኸው ሰው የሕይወት ኢንሹራንስ ሲገባ ግን «ተጠቃሚ» በሚለው መስመር ላይ «ወራሾቼ» ብሎ በችኰላ ጽፎ ይነሣል። ቃሉ መላውን ቤተሰብ ያቀፈ ስለሚመስል መልካም ነው ይባላል፤ በሕግ ዘንድ ያለው ውጤት ግን ነጋዴው ካሰበው የራቀ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 827 እንደሚያመለክተው፥ ሟቹ ተጠቃሚውን ሳይወስን የቀረ፥ ወይም ሌላ ነገር ሳይገልጽ ለወራሾቹ ብቻ ያደረገው እንደ ሆነ፥ የኢንሹራንሱ ገንዘብ ከውርሱ ሀብት ጋር ይቀላቀላል፤ ተጠቃሚው ተለይቶ የታወቀ እንደ ሆነ ግን ከውርሱ ውጭ ነው። ይህ ልዩነት ለነጋዴ ቀላል አይደለም። ከውርስ ሀብት ላይ አስቀድሞ የሚነሣው የቀብሩ ወጪ፥ የማጣራቱ ወጪና የሟቹ ዕዳ ነው፤ ለወራሽ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። እንግዲህ ዕቃ በዱቤ አንሥቶ፥ ሱቁን በባንክ ብድር ሞልቶ የሞተ ነጋዴ፥ ለልጆቹ ቀለብና ትምህርት ይሆናል ብሎ ሲከፍልለት የኖረው ገንዘብ ዞሮ ለአበዳሪው ይውላል ማለት ነው።

«ይህስ አበዳሪን መሸሽ አይደለምን?» የሚል አይጠፋም። አይደለም። አበዳሪው ሲያበድር የተመለከተው መያዣውንና የንግዱን ይዞታ ነው እንጂ የሕፃናቱን ጉርስ አይደለም። ዕዳውንም በኢንሹራንስ ለማረጋገጥ የሚወድ ነጋዴ፥ በብድሩ ልክ ባንኩን በስሙ ጠርቶ አንድ ውል፥ ለቤተሰቡ ደግሞ ሌላ ውል ሊገባ ይችላል።

ስሙም ሲጻፍ የቤት መጠሪያ አይበቃም፤ በቤት «ማሚቴ» የምትባል ልጅ በኢንሹራንስ መዝገብ ማንም አይደለችም። የክርስትና ስም በአንዱ ወረቀት፥ የዓለም ስም በሌላው ሲገኝ ስንቱ ቤተሰብ ምስክር ሲቈጥር ይከርማል! «ባለቤቴ» ብቻ ብሎ መተውም ፈትቶ ላገባ ሰው ለሁለት ሴቶች ክርክር ማውረስ ነው። ከመታወቂያው ጋር አንድ ሆኖ እስከ አያት ይጻፍ፤ ተጠቃሚዎቹ ብዙ ከሆኑም የእያንዳንዳቸው ድርሻ ይለይ። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ገንዘብ በሞግዚት እጅ ስለሚያልፍ፥ ሞግዚቱ ማን እንደሚሆን አባት በሕይወቱ ሳለ ሊያስብበት ይገባል።

በሰኔ 30 ቀን ሒሳቡን የሚዘጋ ነጋዴ፥ ዕቃውን በሚቈጥርበት ሰሞን ያንን ውል ከካዝናው አውጥቶ ቢያነበው የሚወስድበት ጊዜ ሩብ ሰዓት እንኳ አይሞላም።