ወርቅ ያሳውራል

ጌጥ ካልታየ ምን ይረባል የምንል ብዙዎች ነን። ስዊዘርላንዳዊው ጌጥ ሠሪ ኦቶ ኩንዝሊ ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. ድብልብል ወርቅ በጥቁር የጎማ ቱቦ ውስጥ ከትቶ አምባር ሠራ፤ ስሙንም «ወርቅ ያሳውራል» አለው። ከውጭ የሚታየው እብጠት ብቻ ነው። ወርቁ ብቅ የሚለው ጎማው በዘመን ብዛት ሲበላ ነው።

አንዳንዶች ይህን ቀልድ ይሉት ይሆናል። እኔ ግን ትልቅ ትምህርት ነው እላለሁ። ባለፈው የወላጆች በዓል እናቴ ያለ ጉትቻ በመምጣቷ አፍሬ ነበር። ጉትቻዋን ሸጣ ለትምህርቴ ማዋሏን የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ያ ወርቅ አልጠፋም፤ በእኔ ውስጥ ተሸሽጓል። ብቅ እንዲል መትጋት የእኔ ፈንታ ነው። ጓደኞቼ ሆይ፤ ሰውን በጌጡ ለመመዘን አንቸኩል።