ክሬዮኑን ሰጥቶ ሥዕሉን መውሰድ

ትዕይንቱን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ የተፈናቃዮች መጠለያ ደጅ ይቆማል። መጀመሪያ የሚወርደው ባነሩ ነው። ቀጥሎ ቲሸርቱ፣ ቀጥሎ ካሜራው፣ መጨረሻ ላይ ክሬዮኑ። ልጆቹ በረድፍ ይቀመጣሉ፤ አንድ አንድ ነጭ ወረቀት ይታደላቸዋል፤ «የሚሰማችሁን ሳሉ» ይባላሉ። አንዱ የሚቃጠል ቤት ይስላል። አንዷ አፍ የሌላት ሴት ትስላለች። ወጣቱ በጎ ፈቃደኛ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ይላታል። ልጅቷ ትነግረዋለች። አሥር ሰዓት ሲሆን ሚኒባሱ ይነሣል። ክሬዮኑ ተሰብስቦ፣ ሥዕሎቹም ተጠቅልለው አብረው ይሄዳሉ። ማታ ፌስቡክ ላይ «ለተፈናቃይ ሕፃናት የአርት ቴራፒ አገልግሎት ተሰጠ» የሚል ጽሑፍ ከሃያ ፎቶ ጋር ይወጣል።

ልጅቷ ግን እዚያው ድንኳን ውስጥ ናት። ለእናቷ እንኳ ያላወራችውን ለማታውቀው ሰው አውርታ፣ ሰውዬው ሄዶ፣ ሌሊቱን ብቻዋን ይዛዋለች።

ይህን ሕክምና ብሎ መጥራት ድፍረት ነው። ቁስሉን ከፍታ ሳታሽግ ወደ ቤቷ የምትሄድ ነርስ ትጠየቃለች። ባለ ክሬዮኑን የሚጠይቀው የለም፤ እንዲያውም የምስጋና ወረቀት ይሰጠዋል።

ሥነ ጥበብ ለተጎዳ ልጅ መጥቀሙ እዚህ ላይ አያከራክርም። ይጠቅማል። በቃል ሊነገር የማይችል ነገር በቀለም፣ በጭቃ፣ በእንቅስቃሴ ሊወጣ እንደሚችል ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ ወንዝ ዳር የጭቃ በሬ እየሠራ ለበሬው የሚያወራ እረኛ ያየ ሰው ያውቀዋል። ጥያቄው ሌላ ነው፦ ያ የወጣው ነገር ከወጣ በኋላ ማን ይይዘዋል? ነገስ ያው ሰው ይመጣል?

ብዙዎች የዘነጉት አንድ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ከተማ ልጅ ሥዕል ከመሳል ጋር የሚተዋወቀው ድርጅት መጥቶለት አይደለም። እንቁጣጣሽ አለ። በዓመት አንድ ቀን አበባና መልአክ ስሎ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በየደጁ እየዞረ ያድላል፤ ሳንቲም ይቀበላል። ታዲያ ይህ ልጅ ሥዕል ለማን እንደሚሳል ገና በስድስት ዓመቱ ገብቶታል። ትልቅ ሰው ደስ የሚለውን ትስላለህ፤ ትልቁ ሰው ይከፍልሃል። ለጎረቤት አበባ። ከአዲስ አበባ ባነር ይዞ ለመጣው ደግሞ ታንክና የሚቃጠል ቤት። ያንን የሳለው ልጅ ዙሪያ ካሜራው ሲሰበሰብ፣ ኳስ የሳለው ልጅ ወረቀቱን ገልብጦ ታንክ ይጀምራል። ይህን ያየ ሁሉ ይስቃል፤ የሚያስቅ ግን አይደለም። ልጁ ሐዘኑን መሸጥ እየተማረ ነው። ያስተማሩት ደግሞ ሊያክሙት የመጡት ናቸው።

ሙያው የራሱ ታሪክ አለው። «አርት ቴራፒ» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው አድርያን ሂል የተባለ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነው፤ ሳንባ ነቀርሳ ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ሲስል የደረሰበት ነገር ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ የምትባል ቪየና የተወለደች አይሁዳዊት ሠዓሊ በናዚዎች ተይዛ ቴሬዚን ወደሚባለው ጌቶ ተላከች። ይዛ እንድትሄድ በተፈቀደላት ጥቂት ዕቃ ውስጥ የሥዕል መሣሪያ ጨመረች። እዚያ ለታጎሩት ልጆች ሥዕል አስተማረች፤ አንድ ቀን ሳይሆን ወደ ሁለት ዓመት ገደማ። ታንክና እስር ቤት ሳሉ አላለችም፤ ስለ ቅርፅ፣ ስለ ብርሃን፣ ስለ ቀለም ነበር የምታስተምረው። ልጆቹ ሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ታደርግ ነበር፤ ሰው በቁጥር በሚጠራበት ቦታ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1944 ወደ አውሽቪትዝ ተወስዳ ተገደለች። ከመሄዷ በፊት ግን 4,500 ያህል ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተደብቀው ቀሩ። ከልጆቹ አብዛኞቹ አልተረፉም።

የእሷ ተማሪ የነበረችው ኤዲት ክራመር ወደ ኒውዮርክ ተሰደደች። ከ1950 ጀምሮ ዊልትዊክ በሚባል ትምህርት ቤት፣ አብዛኞቹ ከድሃ ሰፈር የመጡ «አስቸጋሪ» የተባሉ ወንዶች ልጆችን ይዛ ለዓመታት ሠራች፤ በ1958 ያሳተመችው መጽሐፍ ለሙያው መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። የሁለቱንም ሴቶች ሥራ የሚያመሳስለው ነገር ቀላል ነው፦ ያው አስተማሪ ተመልሳ ትመጣለች፤ ልጁም ሠዓሊ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

እዚህ ላይ የተለመደው መልስ ይመጣል። «ልጁ ዳቦ በሌለው አገር ስለ ቀለም ታወራላችሁ?» ይባላል። ወይም በለዘብታ፦ «ከምንም ይሻላል።» የመጀመሪያው ጥያቄ ሐቀኛ ነው፤ ሁለተኛው ሰበብ ነው። ለሁለቱም አዲስ አበባ ራሷ መልስ አላት። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ኮሪዮግራፈር ሮይስተን ማልዱም ከመቶ ያህል የጎዳናና የድሃ ቤተሰብ ልጆች ጋር «ካርሚና ቡራና»ን አዲስ አበባ ላይ አዘጋጀ። ነገሩ በአንድ ምሽት ጭብጨባ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ የሚያነሣው አይኖርም ነበር። ከልጆቹ ሃያ የማይሞሉት ተመርጠው ዓመታት የፈጀ ሥልጠና ወሰዱ፤ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ከዚያ ወጣ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ጁነይድ ጀማል እ.ኤ.አ. በ2004 ሮሌክስ በሚያዘጋጀው መርሐ ግብር ተመርጦ በጃፓናዊው ሳቡሮ ቴሺጋዋራ ሥር ሠራ። ማልዱም ያንኑ መንገድ በርሊን ወስዶ ከ250 ተማሪዎች ጋር ሲሠራው ፊልም ተሠራለት፤ ዓለም ያጨበጨበው ያኔ ነው። አዲስ አበባ ግን ቀድማ ነበር።

አዱኛ በስሙ ቴራፒ አልነበረም፤ ዳንስ ነበር። ምናልባት የያዘውም ለዚህ ነው። ልጆቹን ማንም «የተጎዳችሁ» ብሎ አልጀመረም፤ ሰዓት አክብሩ፣ ቀጥ በሉ፣ ድገሙት ነው የተባሉት። እንከኑም አይደበቅ፦ ሃያዎቹ ሲመረጡ መድረክ ላይ አብረው የነበሩት ሌሎቹስ? ይህ ጥያቄ ዛሬም ለማንኛውም ፕሮጀክት ይቀርባል፤ ጥሩ ለሆነውም ጭምር።

ገንዘብ የለም የሚባለውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የአንዱን ቀን ዝግጅት ባነር፣ ቲሸርት፣ የመኪና ኪራይ፣ አበል፣ የቪዲዮ ባለሙያና ምሳ የሚያስላ ሰው፣ ያ ብር አንዲት የሠለጠነች ወጣት በሳምንት ሁለት ቀን ለስንት ወር እንደሚያሠራ ራሱ ይደርስበታል። ችግሩ ሪፖርቱ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ልጆችን ዓመቱን ሙሉ የያዘ ፕሮጀክት ሪፖርቱ ላይ «12» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ቀን መጥቶ የሄደው «600» ይጽፋል። ለጋሹ 600ን ይወዳል። ለጋሹን የሚያውቅ ድርጅትም ሰኞ ሌላ ወረዳ ውስጥ ባነሩን ይሰቅላል። ጋዜጠኛውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም፤ አበሉን ተቀብሎ «ሕፃናቱ ደስታቸውን ገለጹ» ብሎ የሚዘግበው እሱ ነው።

አገሪቱ ሰው አጥታ አይደለም። አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በየዓመቱ የሚመረቁ ወጣቶች አሉ፤ ከሶሻል ወርክና ከሳይኮሎጂም እንዲሁ። አንዱ ቀለም ያውቃል፣ ሌላው ልጅ ያውቃል፤ አንድ ክፍል ውስጥ የሚያስቀምጣቸው ነው የጠፋው። ሁለቱ አንድ ላይ ቢሠለጥኑ፣ የበላይ ባለሙያ ቢከታተላቸው፣ ልጁ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ነገር ሲያወጣ ወደ ሆስፒታል የሚልኩበት መንገድ አስቀድሞ ቢዘረጋ፣ ሥራው ይጀመራል። ይህ ካልተቻለ ደግሞ ክብሩን ጠብቆ መጫወት አለ። ኳስና ክሬዮን ይዞ ሄዶ ከልጆች ጋር መዋል መልካም ነገር ነው፤ ስሙም ጨዋታ ነው። ጨዋታን ሕክምና ያሰኘው ፕሮፖዛል ነው።

ሥዕሎቹስ? በሙያው ደንብ ልጅ በሕክምና ላይ የሳለው ነገር ከሕክምና ካርዱ ተለይቶ አይታይም። የማንንም ሰው የላብራቶሪ ውጤት ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ የለም። የልጅቷ አፍ የሌላት ሴት ግን ዓመታዊ ሪፖርት ሽፋን ላይ ወጥታለች፤ ከታች በኩል፣ የሠዓሊዋ ፊርማ ሊሆን በሚገባው ቦታ፣ የድርጅቱ ሎጎ አለ። ልጅቷ ሽፋኑን አላየችውም። ሥዕሉን ይመልሱላት እንደሆነም የጠየቃት የለም።