ከ143 እስከ 219 ያለውን ማን አጠፋው?

በዶርማችን በር ጀርባ ሁለት ወረቀት ተለጥፏል። አንዱ የፈተና ፕሮግራም ነው። ሌላው ቁጥር ብቻ ነው፦ «26፣ 97፣ 101–106፣ 136–140፣ 143–219»። ነገሩን ለማያውቅ ሰው የሎተሪ ዕጣ ይመስለዋል። ናሩቶ ከሚባለው የጃፓን አኒሜ ውስጥ «እነዚህን አትዩ፣ ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁትም በዚሁ በራሴ ወረቀት ላይ ነው።

«ጋዜጠኝነት እየተማርክ ስለ ካርቱን ትጽፋለህ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አንደኛ ነገር ካርቱን ሳይሆን አኒሜ ነው (በዚህች ቃል ምክንያት ዶርማችን ውስጥ የተኳረፉ ሰዎች አሉ)። ሁለተኛ፣ ማታ ማታ በየሕንፃው ብትዞሩ አንድ ላፕቶፕ አልጋ ላይ ተቀምጦ ስድስት ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ከቦት ታገኛላችሁ። በደብረ ታቦር ብርድ ሰው ከመኝታው ተነሥቶ ሌላ አልጋ ድረስ የሚሄድበት ነገር ቀላል አይደለም። ይህን ያህል ተማሪ ይህን ያህል ሰዓት የሚሰጠው ነገር ከሆነ ደግሞ ቢጻፍበት ነውር የለውም።

እስኪ በሂሳቡ እንጀምር። ናሩቶ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2007 በ220 ክፍል ቀረበ። ተከታዩ ሺፑደን ከ2007 እስከ 2017 ድረስ 500 ክፍል ሄደ። ሁለቱ ሲደመሩ 720 ናቸው። አንዱን ክፍል በ23 ደቂቃ ብናስበው 276 ሰዓት ይመጣል፤ ሳይበሉ ሳይተኙ አሥራ አንድ ቀን ተኩል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የጀመረው ዋን ፒስማ ከ1100 ክፍል አልፏል። ስለዚህ «የትኛውን ልይ?» ብሎ መጠየቅ የስንፍና ጥያቄ አይደለም። ትምህርት ላለበት ሰው ግድ ነው።

ፊለር ወይም በእኛ አነጋገር መሙያ የሚባለው ክፍል ከየት እንደመጣም መታወቅ አለበት። የናሩቶ ታሪክ መጀመሪያ የተሣለው በማንጋ፣ ማለትም በጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው። ደራሲው ማሳሺ ኪሺሞቶ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2014 ድረስ በሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ በየሣምንቱ እየሣለ 700 ምዕራፍ አደረሰው። ቴሌቪዥኑም በየሣምንቱ አንድ ክፍል ያሳያል። ችግሩ አንድ የቴሌቪዥን ክፍል ብዙ ጊዜ ከአንድ ምዕራፍ በላይ ይበላል። ወፍጮው ሳይቆም እህሉ አለቀ ማለት ነው። ያን ጊዜ አዘጋጆቹ በማንጋው የሌለ ታሪክ ፈጥረው፣ ደራሲው እስኪቀድማቸው ድረስ ጊዜ ገዙ። በመጀመሪያው ናሩቶ ከ143 እስከ 219 ያሉት 77 ክፍሎች እንዲህ የተወለዱ ናቸው። ሳስኬ መንደሩን ጥሎ ሄዷል፣ ናሩቶ ከመምህሩ ከጂራያ ጋር ለልምምድ ሊወጣ ነው፣ ግን አይወጣም። 77 ክፍል ሙሉ ወዲያ ወዲህ ይላል።

የዋን ፒስ አዘጋጆች ሌላ መንገድ ያዙ። እነሱ ፊለር ከማብዛት ይልቅ ወጡን አቀጠኑት። ድሬስሮዛ የሚባለው ታሪክ በማንጋው 102 ምዕራፍ ሲሆን በቴሌቪዥን ከ629 እስከ 746 ድረስ 118 ክፍል ወስዷል። አንድ ሰው ሰይፉን ሲመዝዝ፣ የሚያየው ሁሉ ተራ በተራ አፉን ሲከፍት፣ ክፍሉ ያልቃል። ይህ ግን «ዋናው ታሪክ» ስለሆነ በማንም የዝለል ዝርዝር ውስጥ አይገባም። እዚህ ላይ ነው የእኔ ወረቀት መጀመሪያ የተሰነጠቀው። ወረቀቱ የሚነግረኝ ክፍሉ ከየት እንደመጣ ነው። ይረባል ወይ አይረባም የሚለውን አይነግረኝም።

ወረቀቱ እንዴት እንደተጻፈ ልናገር። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። እኔ 12ኛ ክፍል ነበርኩ። እዚሁ ደብረ ታቦር ስለነበርኩ ትምህርቱ እየቆመም እየቀጠለም ሄደልኝ። ንፋስ መውጫ ያለው የአክስቴ ልጅ ግን ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ቤት ዋለ። በሰው እጅ ፍላሽ ላከልኝ፣ «ናሩቶን አስጭነህ ላክልኝ» ብሎ። ፍላሹ 16 ጊጋ ነው። ፊልም የሚጭነው ልጅ ዘንድ ያለው አንዱ ክፍል 80 ሜጋ አካባቢ ነበር። 220ው አይገባም። ከላይ ያለውን ዝርዝር ከልጁ ሃርድ ዲስክ ውስጥ ካለች ፋይል ገለበጥኩና ከ143 እስከ 219 ያለውን ትቼ አስጫንኩት። እንዲያውም ቦታ ተረፈኝና የ8ኛ ክፍል መጻሕፍት ጨመርኩበት። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ስንገናኝ የመጀመሪያ ጥያቄው «ሌላው የት ሄደ?» የሚል ነበር።

«ፊለር ነው፤ ምንም የለበትም» አልኩት።

«ምንም ባይኖርበትስ? እኔ ምን ነበረኝ?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጁ አንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት እስኪከፈት ሲጠብቅ፣ እኔ ደግሞ ናሩቶ ምንም ሳይሠራ የሚጠብቅባቸውን ክፍሎች ቆርጬ ልኬለታለሁ። ለእኔ ለፈተና ለምሯሯጠው 77 ክፍል 30 ሰዓት የሚጠጋ ኪሣራ ነው። ለእሱ ሁለት ሣምንት የሚያዋየው ጓደኛ ነበር። ይባስ ብሎ ቁጥሩ ከ142 ወደ 220 ሲዘል ፍላሹ የተበላሸ መስሎት ቴሌቪዥኑን ስንት ጊዜ እያጠፋ እንዳበራው ነገረኝ። አንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ «ይህን ያህል ትቻለሁ» ብዬ ብጽፍለት ምን ነበረበት?

ባለፈው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ ስለ በር ጠባቂነት ስንማር ይህ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1950 ዴቪድ ማኒንግ ኋይት የተባለ ተመራማሪ፣ «ሚስተር ጌትስ» ብሎ የሰየመውን የአንድ አሜሪካዊ ጋዜጣ አርታኢ ለአንድ ሣምንት አጠና። አርታኢው ከወኪሎች ከሚመጣለት ወሬ ከአሥር አንዱን ያህል ብቻ ነበር የሚያወጣው። ሁላችንም በፈተና ላይ የምንጽፈው ይህንን ነው። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ነገር ነው፤ ሰውየው በጣላቸው ወሬዎች ላይ ለምን እንደጣላቸው ምክንያቱን ጽፎ ነበር። ምክንያቶቹ አንዳንዶቹ የግል ስሜት መሆናቸው የታወቀው በመጻፋቸው ነው። የእኔ ወረቀት ግን ቁጥር እንጂ ምክንያት የለውም። ከማን እንደተገለበጠም አይታወቅም። ከዶርም ዶርም እየተገለበጠ ሄዷል፣ ክፍሎቹን አንድም ቀን ያላየ ሰው «አይረቡም» እያለ ይምላል። እኔ ራሴ ያን ጊዜ ከ77ቱ ስንቱን አይቼ ነበር? አራት።

እናቴ በራዲዮ ዘመን እንዲህ አልነበረም ትላለች። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ራዲዮ ይተላለፍ የነበረው «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ነበረው። ራዲዮ መዝለያ የለውም፤ ያመለጠህ አመለጠህ። ያመለጣት ሴት ቡና ላይ ጎረቤቷ ትተርክላታለች። ጎረቤቷም ታሳጥራለች፣ የምትወደውን ታስረዝማለች፣ የማትወደውን ገጸ ባሕርይ ትረግማለች። ልዩነቱ «መሀሉን ትቼዋለሁ፣ ደከመኝ» ትላለች። ሰሚዋም የቀረባት ነገር እንዳለ ታውቃለች።

ታዲያ ሁሉንም እንይ ወይ? አይደለም። ዶርማችን ውስጥ «አንዲት ክፍል የዘለለ ሰው አይቻለሁ ማለት አይችልም» የሚል ወንድም አለን። ዋን ፒስን ከክፍል 1 ጀምሮ እየወረደበት ነው፤ ለሚድ ኤግዛም ያነበበውን ግን ባልናገር ይሻላል። እንዲህ ያለው ሰው ቁጥር እየቆጠረ እንጂ ታሪክ እያየ አይመስለኝም። ብሊች የሚባለውን ውሰዱ፤ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2012 ከሄዱት 366 ክፍሎች ውስጥ ከ64 እስከ 109 ያሉት 46 ክፍሎች ባውንት ስለሚባሉ ፍጥረቶች የሚያወሩ ፊለሮች ናቸው። ስምንቱን አይቼ ተውኳቸው፣ አልቆጨኝም። ጊዜ ማዳን ለፈለገ ደግሞ ማንም የማይነግረው መንገድ አለ። የናሩቶ እያንዳንዱ ክፍል መክፈቻና መዝጊያ ዘፈኑ አንድ ላይ 3 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። በ720 ክፍል 36 ሰዓት ነው፤ 77ቱን ፊለር ከመዝለል የበለጠ ይተርፋል። ዘፈኑን ግን አንድም ሰው አይዘልም፤ እንዲያውም አብሮ ይዘፍናል!

የእኔ መለኪያ አሁን እንዲህ ነው። ያየሁትን ክፍል በማግስቱ ካፌ ስንሰለፍ ለጓደኛዬ ብተርክለት፣ «ከዚያ ተደባደቡ» ከሚለው ሌላ የምለው ነገር አለኝ ወይ? ክፍል 101 በወረቀቴ ላይ «ዝለል» የተባለ ፊለር ነው። ናሩቶ፣ ሳስኬና ሳኩራ ፊቱን ሁልጊዜ የሚሸፍነውን መምህራቸውን ካካሺን ጭምብሉን አስወልቀው ለማየት ያልፈነቀሉት ድንጋይ የለም። በዋናው ታሪክ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም። ግን ያየው ሁሉ ይተርከዋል፤ ሦስቱ ልጆች ከመለያየታቸው በፊት አንድ ላይ ሲስቁ የምናይበት ቀን ስለሆነ ሳስኬ ሲሄድ ያመናል። በሺፑደን ከ349 እስከ 361 ያሉት ስለ ካካሺ ወጣትነት የሚናገሩ ክፍሎችም ፊለር ናቸው፤ ያንን ዝምተኛ ሰው ያወቅሁት ግን በእነሱ ነው። በአንጻሩ የሺፑደን ትልቁ ጦርነት ዋና ታሪክ ሆኖ ሳለ፣ ቀደም ብለን ያየነውን ትዝታ መልሶ መላልሶ እያሳየ ስንት ሌሊት አስተኝቶናል።

ይህ መቁረጥ በአኒሜ ብቻ የመጣብን አይደለም። የደብረ ታቦር ልጅ ሁሉ የሴባስቶፖልን ነገር ሲተርክ ከጋፋት ይነሣና መቅደላ ላይ ያርፋል፤ መድፉ ተሠራ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሞቱ፣ አለቀ። መሀሉ ፊለር ሆኖ ቀርቷል። እ.ኤ.አ. ከ1867 ኦክቶበር እስከ 1868 ማርች ድረስ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በእኛው በጋይንት በኩል፣ የጂጣንና የበሽሎን ገደል እያስቆፈሩና መንገድ እያስጠረጉ ተጎተተ። ውጊያ አልነበረበትም፣ ድንጋይ መፈንቀል ብቻ ነው። ንጉሡ ራሳቸው ከሰው ጋር ድንጋይ ሲያነሡ የዋሉበት መንገድ ነው። እንግዲህ ይህን ማን ነው «ዝለል» ያለን?

ወደ ወረቀቴ ልመለስ። አልቀደድኩትም፤ የፈተና ሰሞን ይጠቅማል። ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ግማሽ መስመር ጨምሬበታለሁ፦ «101፦ ይታይ፣ ለሳቅ»፤ «26፦ ያለፈውን መከለስ ነው፣ ይቅር»፤ ያላየሁት ላይ «አላየሁትም» ብዬ ጽፌያለሁ። አሁን «አላየሁትም» የሚለው ከሌላው ሁሉ በዝቷል፣ ጓደኞቼም ይስቁብኛል። ፍላሽ የምጭንላቸው ልጆችም የተውኩትን ቁጥር በስልካቸው ላይ በመልእክት ይደርሳቸዋል። ቆርጠህ ላክ፣ ግን መቁረጥህን ንገር። ለሌላ ሰው የሚቆርጥ ሰው ዕዳ ይህ ነው ባይ ነኝ። ነገ ዜና የምንቆርጠው እኛው ነንና እጃችን ከወዲሁ ቢለምድ አይከፋም።

የአክስቴ ልጅ አሁን ትምህርቱን ቀጥሏል። በዚህ ዓመት የሴሚስተር ዕረፍት 77ቱን ክፍሎች በትልቅ ፍላሽ ይዤለት ሄድኩ። ጊዜ የለኝም ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለም። ባለፈው ሣምንት የራሱን ዝርዝር በመልእክት ላከልኝ። ከ77ቱ አሥራ አንድ ቁጥር ነው ያለበት። 168 ላይ «የኑድል ሾርባው ነው፣ ይህን ሳታይ እንዳትሞት» ይላል። ሌሎቹ ላይ ምንም አልጻፈም፤ እንዲጽፍ ነግሬዋለሁ።