ኖራ ማዳበሪያ አይደለም

በኔ ኬሚስትሪ የተሰቃያችሁ የድሮ ተማሪዎቼ! ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፣ ታገሱኝ።

በቀደም ስለ አዮን ኤክስቼንጅ ሜምብሬን ሳስተምር አንዷ ተማሪ እጇን አወጣችና "ቲቸር፣ ይሄ ነገር እኛ ጋ የት ነው ያለው?" አለችኝ። "ፋብሪካ ውስጥ ነው እንጂ እኛ ጋ የለም" ብዬ አለፍኳት። ሜምብሬኑ ስስ ፕላስቲክ ነው። ውስጡ የማይንቀሳቀስ ኔጋቲቭ ቻርጅ የተተከለበት ከሆነ ፖዘቲቭ አዮኖችን ያሳልፋል፣ ኔጋቲቮቹን ይመልሳል። የዚህ ተገላቢጦሽ የሆነም አለ። ጨዋማ ውሃ በኤሌክትሪክ ለማጣራት፣ ከጨው ኮስቲክ ሶዳና ክሎሪን ለማምረት ይጠቅማል። ይህን ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና ደወል ተደወለ።

ቅዳሜ ከአማኑኤል ወጣ ብዬ አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ገብሳቸው ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል። "ማዳበሪያ አልነፈግሁት፤ መሬቱ ኮምጥጦ ነው አሉኝ። አምና ኖራም በትኜለት ነበር፣ ምንም አላየሁበት" አሉኝ። እንዴት እንደበተኑት ስጠይቃቸው፣ ልክ እንደ ማዳበሪያ ዘር በሚዘሩበት ቀን ጥቂት ጥቂት አድርገው ነው። የኬሚስትሪ መምህር ዘመድ እያላቸው እኮ ነው! በጣም አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሸክላ አፈር ቅንጣትና ብስባሽ ልክ እንደዚያ ሜምብሬን ኔጋቲቭ ቻርጅ አላቸው። ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ፖታሲየም ይዘው ይቆያሉ፤ የሰብሉ ሥር ሃይድሮጅን ሲሰጣቸው እነዚህን በልዋጭ ይለቃሉ። የኛ ደጋ ዝናብ ደግሞ ለዘመናት አጥቧቸዋል። እኛም እህሉን፣ ገለባውን፣ ኩበቱን ከማሳ እያወጣን አልመለስንም። በባዶው ቦታ ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ገቡ። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥሩን ይጎዳል፤ በውድ የገዛነውን የማዳበሪያ ፎስፈረስም ከብረት ጋር ሆኖ ጨምድዶ ይይዘዋል። አጎቴ ማዳበሪያ ቢጨምሩም መሬቱ አልሰጠ ያላቸው ለዚህ ነው። ከአገራችን የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው አሲዳማ እንደሆነ ስታስቡት ደግሞ ነገሩ የአጎቴ ብቻ አይደለም።

ኖራ የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ካልሲየሙ ቦታውን መልሶ ይይዛል፤ ካርቦኔቱ ሃይድሮጅኑን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይረዋል፤ አሉሚኒየሙም ዘቅጦ ጉዳቱ ይቀንሳል። ይህ ልውውጥ ጊዜና እርጥበት ይፈልጋል። ስለዚህ አፈሩ ተመርምሮ፣ በልኩ፣ ከዘር ሳምንታት ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ አለበት። መጠኑም ብዙ ጊዜ በኩንታል እንጂ በኪሎ አይቆጠርም። በደንብ ከተሠራ ግን ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል።

የሚገርመው የአዮን ልውውጥ ሳይንስ ራሱ የተጀመረው ከአፈር መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው የእርሻ ኬሚስት ቶማስ ዌይ እ.ኤ.አ. በ1850 ባሳተመው ጥናት የአሞኒያ ጨው ሟሙቶ በአፈር ውስጥ ሲያልፍ አሞኒያው አፈሩ ላይ ቀርቶ በምትኩ ካልሲየም እንደሚወጣ አሳየ። የፋብሪካው ሜምብሬን የመጣው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። እኛ ግን መጨረሻውን እያስተማርን መጀመሪያውን ረግጠነው እናልፋለን።

"መጽሐፉን ሳንጨርስ ማትሪክ ይደርስብናል" የምትሉ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም እላለሁ። ግን አንድ ፔሬድ ይበቃል። ሃይላንድ ቁረጡ፣ ታችኛውን ቀዳችሁ ጨርቅ አድርጉበትና አፈር ሙሉበት። ከፋርማሲ የሚገዛውን ጂቪ ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ሐምራዊው ቀለም ፖዘቲቭ አዮን ስለሆነ አፈሩ ያስቀረዋል፤ ከታች የሚወርደው ውሃ ሐምራዊነቱን ያጣል። ያን ያየ ልጅ ማታ ቤቱ ገብቶ ለአባቱ ይነግራል።

የኖራ ድንጋይ አልጠፋብንም፤ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ ገደሉ ላይ የምናየው እሱው ነው። መፍጨቱና ማጓጓዙ የሌላ ሰው ሥራ ይሁን፤ ማስረዳቱ ግን የኛ የመምህራን ነው።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ለዚያች ልጅ መልሴን አረምኩ፦ "የጠየቅሽኝ ነገር እኮ እግርሽ ሥር ነው።" ሃይላንዱንም ይዤ ነበር የገባሁት።

ግብርና ተምራችሁ የወጣችሁ ልጆቼ፣ የተሳሳትኩት ካለ አርሙኝ። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ ደግሞ ከመጪው ዘር በፊት ደውሉላቸው።