የራስህን ቤዝ ይዘህ ና!

ባንድ ውስጥ ሲኖር ልብ የማይባል፣ ሲጠፋ ግን ሁሉም "ምን ጎደለ?" የሚልለት አንድ መሣሪያ አለ፤ ቤዝ ጊታር፡፡ ድምፃዊው ስም አለው፡፡ ሳክስፎን ነፊው ጭብጨባ አለው፡፡ ቤዝ ተጫዋቹ ግን ከድራመሩ ጎን ቆሞ ዘፈኑን ተሸክሞት ያድራል፤ ሲነጋ ቤዙን በጀርባው አዝሎ ታክሲ ይጠብቃል፡፡ በኮቪድ ጊዜ ማን ምን አጣ ተብሎ ሲቆጠርም ይኸው ሰው ከቆጠራው ውጪ ቀረ፡፡ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ይህን ማንሳት ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ የሚጠቅመው፣ ያን ጊዜ የታየው ቀዳዳ ዛሬም ስላልተደፈነ ነው፡፡

ነገሩን ከቀኑ እንነሳ፡፡ በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፡፡ ወሩ ሳያልቅ በአዲስ አበባ የምሽት ክበቦች እንዲዘጉ ተወሰነ፡፡ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡም (ደንብ ቁጥር 466/2012) ተከተለ፡፡ አምስት አባላት ያሉት ባንድ ለልምምድ እንኳ አንድ ክፍል ውስጥ መሰብሰብ አይችልም ነበር፡፡ ክልከላው ልክ አልነበረም እያልኩ አይደለም፡፡ በዝግ ቤት፣ በጭስ መሐል፣ ሰው አፉን ከፍቶ የሚዘፍንበትን ቦታ መዝጋት ከሁሉም ውሳኔዎች ትንሹን ክርክር የሚያስነሳው ነበር፡፡ የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሲዘጋ ማን ላይ ተዘጋ?

ስሙን እንዳልጠቅስ የለመነኝ አንድ ቤዝ ተጫዋች አለ፡፡ ዕድሜው አርባዎቹን አጋምሷል፡፡ ከወረርሽኙ በፊት የነበሩትን ሰባት ዓመታት በአንድ ቤት፣ በሳምንት አምስት ምሽት ተጫውቷል፡፡ እኔን "ጋሼ" ነው የሚለኝ፡፡ ስለ ሕግ መስማት አይወድም፤ ስለ ዕቃ ከተነሳ ግን ማንም አያስቆመውም፡፡ የዕቃ ፍልስፍናው ባጭሩ "ቢሰረቅ የማያስርብህን ቤዝ ግዛ" የሚል ነው፡፡

ይህን የሚለው ስለቸገረው ብቻ እንዳይመስላችሁ፡፡ ቤዝ ጊታር በባሕርይው ቀላል ዕቃ ነው፡፡ ሊዮ ፌንደር የመጀመሪያውን "ፕሪሲዥን" ቤዝ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን፣ አካሉ ድፍን እንጨት፣ አራት ክር፣ አንድ ድምፅ ማንሻ፣ ሁለት መቆጣጠሪያ ነበር፡፡ ከዚያ ወዲህ መሠረታዊ አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም፡፡ እንጨቱን ዛሬ በኮምፒውተር የሚመራ ማሽን ስለሚቆርጠው፣ ኢንዶኔዥያ ወይም ቻይና የተሠራው ርካሽ ቤዝ ከዛሬ አርባ ዓመቱ ርካሽ ቤዝ ጋር አይወዳደርም፡፡ ወዳጄ እንደሚለው በርካሹና በውዱ መካከል ያለው ልዩነት ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው፤ ቁልፎቹ ቃኝቱን ይይዛሉ ወይ? የአንገቱ ጉብጠት በውስጡ ባለው ብረት ተስተካክሏል ወይ? ፍሬቶቹ ጣት ይቧጥጣሉ ወይ? ለዚህ ደግሞ መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል፡፡

ክር ሲያረጅ ቀቅሎ እንደሚጠቀምም ነገረኝ፡፡ የሚቀልድ መስሎኝ ነበር፡፡ የምሩን ነው፤ የቤዝ ክር የሚሞተው በላብና በእጅ ቅባት ተደፍኖ ስለሆነ ውኃ ውስጥ ደቂቃዎች ፈልቶ ሲደርቅ ለተወሰኑ ምሽቶች ነፍስ ይዘራል፡፡ አምፕሊፋየርን በተመለከተ ምክሩ ከዚህ የባሰ ቆጣቢ ነው፤ አትግዛ፡፡ አንዲት ትንሽ ዲ.አይ. ቦክስ ይዘህ በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ ግባ፡፡ ታክሲ ላይ ትጫናለች፣ መብራት ሲዋዥቅ የሚቃጠለውም የቤቱ ዕቃ እንጂ ያንተ አይሆንም፡፡

ይህ ምክሩ የተፈተነው በ2012 ክረምት ነው፡፡ ሁለት ቤዝ ነበረው፡፡ አንዱ ዋሽንግተን ያለ ዘመዱ ያመጣለት አሜሪካ ሠራሽ፣ ሌላው ስኳየር የሚባለው፣ የፌንደር ኩባንያ ርካሽ ምርት፡፡ አሜሪካ ሠራሹን ሸጦ ክረምቱን ወጣበት፡፡ በሚገርም አጋጣሚ በዚያው ዓመት የሀብታሞቹ አገር ሰው ቤት ተቀምጦ ጊታር መማር ጀምሮ ነበርና፣ ፌንደር እ.ኤ.አ. 2020 በታሪኩ ከፍተኛውን ሽያጭ ያገኘበት ዓመት መሆኑን ተናግሯል፡፡ እዚያ ሥራ የፈታ እጅ ጊታር ገዛ፤ እዚህ ሥራ የፈታ ጊታር ተጫዋች ጊታሩን ሸጠ፡፡

የሸጠውን መልሶ ልግዛ ቢል ዋጋው ሌላ ነው፡፡ በ2012 አጋማሽ አንድ ዶላር በባንክ 32 ብር ገደማ ነበር፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 ብር በላይ ሆነ፡፡ የ200 ዶላር ቤዝ (ርካሽ የምንለው ማለት ነው) ከቀረጥና ከነጋዴ ትርፍ በፊት ከ6,400 ብር ተነስቶ ከ20,000 ብር አለፈ ማለት ነው፡፡ የሙዚቀኛው የምሽት ክፍያ በዚህ ፍጥነት እንዳላደገ ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፤ አንዱን መጠየቅ ይበቃል፡፡

እስከዚህ ድረስ ከወዳጄ ጋር ስምም ነኝ፡፡ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው፡፡ እሱ "የራሴ ዕቃ ስላለኝ ነፃ ሰው ነኝ፤ ማንም ባለክለብ አያዘኝም" ይላል፡፡

ይህ አባባል ታሪክ አለው፡፡ በንጉሡ ዘመን የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራዎች መሣሪያ የመንግሥት ነበር፤ በግል ክለቦችም ዕቃው የባለቤቱ የሆነበት ጊዜ ነበር፡፡ ዋልያስ ባንድን የመሰሉት የራሳቸውን ዕቃ ይዘው ሲመጡ የመደራደር አቅም አብሮ መጣ፡፡ መላከ ገብሬ ቤዝ የተጫወተበት የዚያ ባንድ "ቸበለው" የተባለ አልበም እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ ያለ ድምፃዊ ጥገኝነት በመሣሪያ ብቻ የቆመ ሥራ ነበር፡፡ በደርግ ሰዓት እላፊ ጊዜም እንግዳው ከገባ በር ተዘግቶ፣ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወት ነበር፡፡ ሰዓት እላፊ ሌሊቱን አስረዘመው እንጂ አልዘጋውም፡፡ ኮቪድ ግን ዘጋው፡፡

ሲዘጋም "የራስህን ቤዝ ይዘህ ና" የሚለው ነገር ዞሮ ባለቤቱን ነከሰው፡፡ እንዴት? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራሱ የንግድ ሥራ ወይም በራሱ የሙያ ኃላፊነት ዋጋ እየተከፈለው የሚሠራን ሰው ከሽፋኑ ያወጣዋል፡፡ ባለክለቡ የያዘው ይህንን ነው፤ "ዕቃው የራሱ፣ ሙያው የራሱ፣ እኔ የምከፍለው በምሽት ነው፤ ሠራተኛዬ አይደለም"፡፡ ሙዚቀኛውም ደስ ብሎት ይቀበለዋል፤ ሠራተኛ መባል ዝቅ ያደርገኛል ብሎ፡፡ (ጠበቆችም ይህ አመል አለብን፡፡)

አዋጁ ግን አንቀጽ 4 ላይ የሚጠይቀው ስለ ዕቃው ባለቤት አይደለም፡፡ በአሠሪው መሪነት፣ ለደመወዝ፣ ለተወሰነ ወይም ላልተወሰነ ጊዜ መሥራትን ነው የሚጠይቀው፡፡ ወዳጄን አንድ በአንድ ጠየቅሁት፡፡ ስንት ሰዓት እንደምትገባ ማን ይወስናል? ቤቱ፡፡ ምን ትለብሳለህ? ቤቱ ያዘዘውን፡፡ ሌላ ክለብ መጫወት ትችላለህ? አልችልም፡፡ ብትቀር? ይቆረጥብኛል፡፡ እንግዲህ ይህ ነፃ ነጋዴ ከሆነ የባንክ ገንዘብ ከፋይም ነፃ ነጋዴ ነው!

"ውል የለኝም" አለኝ፡፡ አለው፡፡ የሥራ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም የሚል ሕግ የለንም፤ በቃልም ይመሠረታል፡፡ እንዲያውም ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ቃል የያዘ የተፈረመ ወረቀት ለሠራተኛው መስጠት አለበት፡፡ ችግሩ ሕጉ ላይ ሳይሆን ማስረጃው ላይ ነው፤ በኪስ የተቀበልከውን ብር በምን ታሳያለህ?

አንዳንዱ ባለክለብ "ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1792 ያውቀዋል" ብሎ ተከራክሯል፡፡ ይሁን፡፡ ነገር ግን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 18 መሠረት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ለአሥር ተከታታይ ቀናት ወይም ከዚያ በላይ ሲቋረጥ ውሉ ይታገዳል እንጂ አይሞትም፡፡ ደመወዝ ባይከፈልም ቦታው ይጠበቃል፡፡ የአስቸኳይ ጊዜ ደንቡም በዚያን ጊዜ ሚኒስቴሩ ካወጣው ፕሮቶኮል ውጪ ሠራተኛ ማሰናበትን ከልክሎ ነበር፤ ተከራይ ከቤት ማስወጣትንም እንዲሁ፡፡ ወዳጄ በሁለተኛው ተጠቀመ፤ አከራዩ አላስወጡትም፡፡ በመጀመሪያው ግን አልተጠቀመም፤ ራሱን ሠራተኛ ብሎ ስለማያውቅ፡፡

ክለቡ ሲከፈት ተጠራ? አልተጠራም፡፡ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቤዙን በግራ እጁ እየተጫወተ ሥራው ቀጥሏል፡፡ ለባለቤቱ አንድ ሰው ቀነሰለት፤ ሰካራሙ እንግዳም ልዩነቱን አልሰማም ይባላል (ቺክቺካውን ሲጨፍሩ ያየ ግን እግራቸው እንደሰማ ያውቃል)፡፡ ሠራተኛ መሆኑ ቢረጋገጥለትና ከሕግ ውጪ የተሰናበተ ቢባል ኖሮ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ዓመታት ለእያንዳንዳቸው የዚያ ሲሶ፣ በድምሩ የ90 ቀን ደመወዝ የሥራ ስንብት ክፍያ ብቻ ይደርሰው ነበር፤ ካሣውን ሳንጨምር፡፡ ሦስት ወር ማለት ነው፡፡ ቤዙን ያልሸጠ ማለት ነው፡፡

የሌላው አገር ሙዚቀኛስ? ጀርመን ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግላቸው ለሚሠሩ ከያንያን የተለየ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም አላት፤ መዋጮውን ግማሹን ከያኒው፣ ግማሹን መንግሥትና የጥበብ ሥራውን የሚጠቀሙ ድርጅቶች ይከፍሉታል፡፡ ፈረንሳይ በየመድረኩ እየተዘዋወሩ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የሥራ አጥ አበል መብታቸውን እስከ ነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አራዘመች፡፡ አሜሪካ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በግሉ የሚሠራውንም የሥራ አጥ ክፍያ ውስጥ አስገባች፡፡ ዋሽንግተን አካባቢ በሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚጫወቱ ወገኖቻችን እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈሉ፤ ገቢውን ለግብር ያሳወቀው ማሳየት የሚችለው ነገር ነበረው፤ በጥሬ ብር ተቀብሎ ዝም ያለው ግን እንደኛው ሰው ባዶ እጁን ቀረ፡፡ እኛ የጀርመንን ሀብት ባይኖረንም ወረቀቱ ግን ዶላር አይጠይቅም፡፡

የስቱዲዮ ሥራውም ያው ነው፡፡ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 "ከዋኝ" ለሚለው ሰው መብት ይሰጣል፤ ቤዝ ተጫዋችም ከዋኝ ነው፡፡ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ የሮያሊቲ አሰባሰብን አስገብቷል፡፡ በተግባር ግን ተጫዋቹ ለዘፈኑ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሄዳል፡፡ ይህ የኛ ብቻ አይደለም፤ የሞታውን ኩባንያን ዘፈኖች በአንድ አሮጌ ፕሪሲዥን ቤዝ የተሸከመው ጄምስ ጄመርሰን ስሙ በአልበም ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 በማርቪን ጌይ ሥራ ላይ ነው፡፡ መድረክ ሲዘጋ የተቀዳው ዘፈን በየሬዲዮው መሰማቱን ቀጥሏል፤ ቤዙም አብሮ ይሰማል፤ ተጫዋቹ ግን ከዚያ ጋር የሚያገናኘው ክር ተበጥሷል፡፡

መድረክ የሚዘጋው በበሽታ ብቻም አይደለም፡፡ ጃዝአምባ ላውንጅ ጥር 2007 በጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ ጠፋ፡፡ ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ በ2017 ከሠፈሩ ጋር ፈረሰ፡፡ ምክንያቱ ይለያያል፤ በማግስቱ ቤዙን አዝሎ የሚቆመው ሰው ግን አንድ ነው፡፡

ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ቤቶች የሚሠሩ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም እንደሚችሉ አዋጁ ይፈቅዳል፡፡ ይህን ስነግረው ወዳጄ ሳቀ፤ "ጋሼ፣ አምስት ሆነን በአንድ ቃኝት መስማማት ያቅተናል" አለ፡፡ ቢሆንም ባለፈው ወር አዲስ ሥራ ሲያገኝ አንድ ገጽ ውል አዘጋጅልኝ ብሎ መጣ፡፡ የምሽቱ ክፍያ፣ የሚጠራበት ቀን፣ ቤቱ ለጊዜው ቢዘጋ ቦታው እንደሚጠበቅ ጻፍን፡፡ መብራት ቤዙን ቢያበላሽ ማን ያሳድሳል የሚል መስመርም ጨመርን፡፡ ባለሆቴሉ ይችን የመጨረሻዋን በእስክሪብቶ ሰርዘው ሌላውን ፈረሙ፡፡