ርእሰ አንቀጽ፤ የወንፈል ዕዳ

የስፖርት ቡድኖቻችን ለውድድር ወደ ሌላ ከተማ ሄደው በተመለሱ ቁጥር ከእኛ ከተማሪዎች የሚቀርብላቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» የሚል። አገሩ እንዴት ነው፣ ሕዝቡ በምን ይተዳደራል፣ እንዴትስ አድርጎ ተቀበላችሁ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ተጓዦቹም ቢጠየቁ የሚያወሩት ስለ ሜዳው አቧራ፣ ስለ አልጋውና ስለ አበሉ ማነስ ነው። ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዘጠና ደቂቃ ብቻ አይቶ መመለስ፣ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ላለ ወጣት የሚገባ ነውን?

ለምሳሌ የምዕራብ ጎጃምን መንገድ እንውሰድ። ከደምበጫ ተነሥቶ በጅጋ በኩል ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም በማንኩሳ አልፎ ወደ ቡሬ የሚወስደውን መንገድ፣ የዚያ አገር ልጆች የሆንነው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ከትምህርት ቤት ቡድን ጋር ተመላልሰንበታል። ከሌላ ክፍለ ሀገር የሚመጣ ቡድን ግን በአውቶቡሱ ውስጥ መጋረጃውን ጋርዶ ሲዘፍን ወይም ተኝቶ ያልፈዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በክፍል ውስጥ ያነበበው ተማሪ ታሪኩ የሚጀምርባትን ማንኩሳን በእንቅልፍ ይሻገራታል። በቡሬና በማንኩሳ የጣሊያን ምሽጎች እንደነበሩና በ1933 ዓ.ም. እንደተለቀቁ የሚነግረው ሰው የለም። በቆሎውንና በርበሬውን፣ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰውንም ገበሬ በመስኮት አይቶ «ባላገር» ብሎ ያልፋል።

ከዚህ «ባላገር» ከተባለው ሰው ግን የምንማረው ነገር አለ። በክረምት አረም ሲበረታ ገበሬው ጎረቤቶቹን ወንፈል ይጠራል። አንድ ቀን መጥቶ ላረመለት ሰው የአንድ ቀን ዕዳ አለበት፤ ዕዳውም የሚከፈለው በብር ሳይሆን በጉልበት ነው። ወጣቶቹ በመስመር ተሰልፈው እየዘፈኑ ይፎካከራሉ። እርሻው ሳያልቅ ግን ማንም «አሸነፍኩ» ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ዛሬ በእኔ ማሳ፣ ነገ በአንተ ማሳ ማለት ነው። በሜዳችንና ከሜዳችን ውጭ የምናደርገው የደርሶ መልስ ግጥሚያስ ከዚህ በምን ይለያል? ያስተናገደንን ቡድን የማስተናገድ ዕዳ አለብን።

የገና ጨዋታ ደግሞ ለስፖርተኛ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ሰፈር ከሰፈር ተከፋፍሎ፣ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ጥንጉን እየመታ ይገፋል። በዚያ ዕለት ሎሌው ጌታውን ቢጋፋው ጌታው እንዲቆጣ ልማድ አይፈቅድለትም ነበር። ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፤ ስድቡም የጨዋታው ወግ ስለሆነ ማንም ቂም አይዝበትም። በየስታዲዮሙ የሚሰማው የዛሬው ስድብ ግን ከሜዳ ወጥቶ መንደር ድረስ ይከተላል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. በወልድያና በመቀሌ ከተማ ክለቦች ግጥሚያ ሰበብ ወልድያ ላይ የተነሣው ሁከት ለሰው ሕይወት መጥፋት ምክንያት መሆኑን አንርሳ። እንግዳ እንግድነቱን፣ ባለቤትም ባለቤትነቱን ሲረሳ መጨረሻው ይህ ነው።

አለመተዋወቃችን ሌላም ጉዳት አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት 26 ሰዎች መሞታቸው በተዘገበ ጊዜ፣ ከእኛ መካከል ከተማይቱን በካርታ ላይ መፈለግ ያስፈለጋቸው ጥቂቶች አልነበሩም። ስሟ በግዕዝ «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። በገበያዋ ውለን፣ ከልጆቿ ጋር ተጫውተንና በልተን ቢሆን ኖሮ፣ የሟቾቹ ቁጥር ቁጥር ብቻ ሆኖ አይታየንም ነበር።

«እኛ ለመጫወት እንጂ ለጥናት አልሄድንም» የሚሉ ይኖራሉ። ለእነዚህ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የአበበ ቢቂላን ነገር እናስታውሳቸዋለን። አበበ በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲያሸንፍ፣ በባዕድ አገር ዐይኑን ጨፍኖ አልነበረም። አስቀድሞ ከአሠልጣኙ ከኦኒ ኒስካነን ጋር መንገዱን ሲመረምሩ፣ ከአክሱም ተወስዶ በዚያ የቆመውን ሐውልት ምልክት አድርገውት ነበር። ሞሮኳዊውን ራዲን ጥሎት የሄደውም በዚያው አካባቢ ነው። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል፤ የአበበ ትምህርት ግን እስከ ዛሬ ይሠራል። የሄደበትን አገር የሚያስተውል ሯጭ ድልም አይርቀውም።

ስለዚህ ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እንዲፈጽም እናሳስባለን። አንደኛ፣ ቡድን ከመነሣቱ በፊት የዚያ አገር ተወላጅ የሆነ ተማሪና አንድ የታሪክ ወይም የጂኦግራፊ መምህር ለተጓዦቹ ስለ አገሩ ገለጻ ያድርጉላቸው። ሁለተኛ፣ ከግጥሚያው ቀን ሌላ አንድ ቀን ተጨምሮ፣ ቢቻል የገበያ ቀን ተመርጦ፣ አስተናጋጆቹ አገራቸውን እንዲያሳዩ ይጠየቁ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ወጪ የአንድ ቀን እንጀራ ነው። ሦስተኛ፣ የቡድኑ ሪፖርት ከውጤቱ ጋር ያየውንና የሰማውን ይዞ በዚህ ጋዜጣ ይውጣ። ጦርነቱ መንገድ በሚዘጋበት ጊዜም ቢሆን የመጀመሪያውን ከመፈጸም የሚከለክለን የለም፤ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆች ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይመገባሉና።

መንገዱ በሰላም ሲከፈት ደግሞ የዚያን አገር ወጣቶች ወደ ግቢያችን እንጥራ። ኳሱን እንጫወት፤ የገናውንም ዱላ ይዘው ይምጡና ያስተምሩን። የወንፈል ዕዳ ያለበት ሰው ሳይጠራ ይሄዳል እንጂ እስኪጠራ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።